የምድጃና የጓሮ ሙግት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች ከማጀት ወጥቶ በደጅ ስለሚጣለው ጥራጊና ልጣጭ፣ እርሱም ወደ ብስባሽነት ስለሚለወጥበት ዘዴ ንግግር እንዳደርግ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ርእሱ ለእንዲህ ያለ መድረክ ያነሰ መስሎ ታይቶኝ ነበር። ይሁን እንጂ በሥራ ዘመኔ ከፈጸምኳቸው ስሕተቶች መካከል ከሁሉ አብልጦ ያስተማረኝ በዚሁ ትንሽ በሚመስል ጉዳይ ላይ የፈጸምኩት በመሆኑ፣ እርሱኑ ልናገር ብዬ ተቀበልኩ። ስለዚህ ዛሬ የምታዳምጡት የተሳካ ሥራ ሪፖርት ብቻ አለመሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ነገሩ የሆነው በመንዝ ነው። ሞላሌንና መሐል ሜዳን የምታውቁ ሁሉ የአገሩን ጠባይ ታስታውሳላችሁ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚያልፍ፣ ነፋስ የማይለየው፣ ኑሮው በገብስና በበግ ላይ የቆመ፣ ቤቱ በድንጋይ የሚሠራ፣ ሰዉ ከበግ ጠጕር የተሸመነ ባና የሚደርብ ደጋ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ሲወርድ፣ ማለዳ ላይ ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። በየቤቱ ዙሪያ ከተተከለው ባሕር ዛፍ በቀር ዓይን የሚያርፍበት ዛፍ እምብዛም አይገኝም።

በዚያ በነበርኩበት ጊዜ የተከራየሁት ክፍል ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ነበሩ። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም «ልጄ» ይሉኛል። አንድ ጥማድ በሬ፣ አንዲት ላም፣ ጥቂት በጎችና ከቤቱ ኋላ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት የሚያበቅሉባት ጓሮ ነበሯቸው። ጓሮዋ ከዓመት ዓመት እየከሳች ሄዳ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ሆኖ ነበር። የነጭ ሽንኩርቱ ዋጋ ደግሞ የሕፃናቱ ደብተርና የቤቱ ጨው የሚገዛበት ገንዘብ ነው።

በእጄ የነበረው የሥልጠና ደብተር ትእዛዙ አጭር ነው። ጉድጓድ ቆፍር፣ የማጀት ትራፊ ጨምር፣ እበት ጨምር፣ አመድ ነስንስ፣ ውሃ አርከፍክፍ፣ በየወሩ አገላብጥ፣ በሦስተኛው ወር ብስባሽ ታገኛለህ ይላል። ይህንኑ ለእማማ በሙሉ እምነት አስረዳኋቸው። አዳምጠው ሲያበቁ ሳቅ አሉና፣ «ትራፊ ነው ያልከው? ልጄ፣ በመንዝ ምን ይተርፋል?» አሉኝ።

ከዚያም በጣታቸው እየቆጠሩ አስረዱኝ። የድንች ልጣጩን በጎቹ ይበሉታል። የጠላው አተላ የላሚቱ ነው። የደረቀ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል። የገብሱ ጭድ ለክረምት የከብት ቀለብ ነው። «እበቱንስ ለጉድጓድህ ብሰጥህ፣ ማታ ምን ላነድልህ ነው?»

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ለዚህ ጥያቄ በዚያን ቀን መልስ አልነበረኝም። የደብተሩ ጸሐፊ በሐሳቡ የነበረው የከተማ ማጀት ኖሯል። በመንዝ ቤት ውስጥ ግን የሚጣል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ያለው ሁሉ ባለቤት አለው። ከሁሉ በላይ ባለ መብቱ ምድጃው ነው። እበት ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፤ ኩበቱም ይነድዳል። ናይትሮጅኑና አፈርን የሚያለሰልሰው አካሉ ከጢሱ ጋር ሲሄዱ፣ በአመዱ ውስጥ ፖታሲየምና ፎስፎረስን የመሳሰሉት ብቻ ይቀራሉ። ኬኔዝ ኒውኮም የተባለ ባለሙያ በ1984 እ.ኤ.አ. ለዓለም ባንክ ባዘጋጀው ጥናት፣ የኢትዮጵያ ደጋ ገበሬ እንጨት ሲያልቅበት ወደ እበት፣ እበት ሲያንሰው ወደ ገለባ እየተሸጋገረ፣ አፈሩም በዚያው መጠን እየተራቆተ እንደሚሄድ በየደረጃው አሳይቷል። እማማ ጥናቱን አላነበቡም፤ የሚኖሩበት ነውና ማንበብም አላስፈለጋቸውም።

እኔ ግን ወጣት ነበርኩና አልተመለስኩም። ከቤቱ ኋላ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ከማጀት የተገኘው የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላና የጎመን ግንድ ስለነበረ፣ እርሱኑ በየቀኑ እፍኝ እፍኝ እያልኩ ጣልኩበት። በቤቱ በብዛት የሚገኘው አመድ ብቻ በመሆኑም አመዱን ያለ ልክ ደፋሁት። በመጀመሪያው ሳምንት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ወጣ። ከዚያ ውርጩ መጣ። በየካቲት ጉድጓዱን በቆፈርኩት ጊዜ የሽንኩርቱ ልጣጭ በገባበት መልክ ቆየኝ፤ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። ጉድጓዱ ግን በዚያ ዓመት ከተሠሩት የብስባሽ ጉድጓዶች አንዱ ሆኖ ተቆጥሮ በሪፖርት ተላልፏል። የቆጠርኩት እኔው ነኝ።

ለምን እንደ ከሸፈ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ብስባሽን የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ በሥራቸው ላይ ሳሉ ሙቀት ያወጣሉ። ክምሩ ትልቅ ከሆነ ሙቀቱ ከመካከሉ ታፍኖ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ የአረምን ዘርና የበሽታን ተሐዋስያን የሚገድለውም ይኸው ነው። ለዚህ ግን ክምሩ ቢያንስ በቁመቱም፣ በጎኑም፣ በወርዱም አንድ አንድ ሜትር መሆን ይኖርበታል፤ እርሱም በአንድ ጊዜ ወይም በጥቂት ቀን ውስጥ መከመር አለበት። እፍኝ እፍኝ እየተባለ የተጣለ ጥራጊ በቆላ ምናልባት ይበሰብሳል፤ በመንዝ ብርድ ግን ሳይሞቅ ይቀዘቅዛል። አመዱም ሲበዛ ክምሩን እጅግ አልካላይ ስለሚያደርገው ናይትሮጅኑን አሞኒያ አድርጎ ወደ አየር ይሰደዋል። ያ የሰነፈጠኝ ሽታ የጓሮዋ ማዳበሪያ ሲበን ነበር።

በዚህ ላይ ሳለሁ የእንግሊዛዊው የእርሻ ሊቅ የአልበርት ሃዋርድ ሥራ በእጄ ገባ። ሃዋርድ በመካከለኛው ሕንድ በኢንዶር ሆኖ ያደራጀውን የብስባሽ አሠራር በ1931 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳትሟል። ልቤን የሳበው ግን ዘዴው ብቻ አልነበረም። የሕንድ ገበሬም እንደ እኛው እበቱን ያነድ ነበር። ሃዋርድ ታዲያ ከገበሬው ምድጃ ጋር አልተጣላም። ጥቂት እበት በብዙ የተክል ግርድ ውስጥ አብቃቅቶ፣ የቀረውን ጉልበት ከከብቱ ሥር ካለው ሽንት የጠጣ አፈር አገኘው።

ይህን ባነበብኩ ማግሥት ማለዳ ተነሥቼ የእማማን ጋጣ እንደ አዲስ ተመለከትኩት። በመንዝ ከብቱ ከብርድ ለመዳን ሌሊቱን ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራል። ጠዋት እበቱ ተለይቶ ለኩበት ይነሣል። ከሥሩ ያለው ሽንት የጠጣ ጉዝጓዝ፣ ብጥቅጣቂ ጭድና እርጥብ አፈር ግን ተጠርጎ ከደጅ ወዲያ በተዳፋቱ ላይ ይጣላል፤ ዝናብ ሲመጣም ወደ ሸለቆ ይወርዳል። ከብት ከሚያወጣው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ፣ ከፖታሲየሙም አብዛኛው ያለው በሽንቱ ውስጥ ነው። ይህ ጥራጊ አይነድድም፤ ስለማይነድድም ምድጃው አይከራከርበትም። እንደ ከብት እበት ተጠፍጥፎ በቀላሉ ኩበት የማይሆነው የበግ በጠጥም የዚሁ ወገን ነው። የጠየቅኋቸው የማጀታቸውን ትራፊ ነበር፤ ትራፊው ግን በጋጣው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ፣ አረሙ ገና ለምለምና ያላፈራ፣ መሬቱም ርጥበቱን ያልጨረሰ ሳለ፣ ሦስት ጎረቤታሞች በደቦ አንድ ክምር ሠራን። ከታች የደረቀ አገዳና ጭራሮ፣ ከዚያ የጋጣና የጉሮኖ ጥራጊ፣ ከዚያ ለምለም አረም፣ ከዚያ ስስ አፈር፣ እንደገናም ከጥራጊው እየጀመርን እስከ ደረት ድረስ ከመርነው። በዚያን ሰሞን ከጎረቤቶቹ አንዱ የሣር ጣራውን አውርዶ ቆርቆሮ ይመታ ስለነበረ፣ አሮጌው የጓሳ ሣር ለደረቁ ድርሻ ዋለልን። ጓሳ፣ እንደምታውቁት፣ መንዞች ለብዙ ዘመን በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁት የኖሩት፣ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ከፈረሰም በኋላ መልሰው በማኅበረሰብ ጥበቃ የያዙት ሣር ነው። ሠላሳ ዓመት በጣራ ላይ አገልግሎ ወደ አፈር ሲመለስ ማየት ለእኔ ደስታ ነበር። እበት የጨመርነው በውሃ የተበጠበጠ አንድ ቁና ያህል ብቻ ነው፤ እርሱም እንደ እርሾ ነው። አመድ በቁንጥር ብቻ ነሰነስን።

አንድ ረዥም በትር በመካከሉ ተከልንበት። በትሩ ተነቅሎ ሲዳሰስ ሞቅ ብሎ ወዝ ካለው ሥራው በመካሄድ ላይ ነው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ይሻል፤ ከከረፋ አየር አንሶታልና ይገላበጥ። ከጥቂት ቀን በኋላ ውርጭ በወረደበት ማለዳ ከክምሩ አናት እንፋሎት ሲነሣ ሕፃናቱ እጃቸውን ሊያሞቁበት ይመጡ ነበር። በኅዳር አገላበጥነው፤ በየካቲት መጨረሻ ጠቁሮና ተፈርፍሮ፣ ሽታውም የዱር አፈር ሽታ ሆኖ ተገኘ። ለበልግ ድንችና ለጎመኑ ደረሰ።

ከማጀቱ በየቀኑ የምትወጣው እፍኝ ግን ያለ መፍትሔ እንደቀረች ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ለሚሠራ ክምር የዛሬ የቡና አተላ እስከ መስከረም ሊቆይለት አይችልም። እዚህ ላይ ነው ትል የሚያስፈልገው። ክምር ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይሻል፤ ትል ደግሞ ጥቂት ነገር በየቀኑ። ክምር በሙቀት ይሠራል፤ ትል ሙቀት ይገድለዋል። ስለዚህ አንዱ በሌላው ምትክ የሚገባ ሳይሆን፣ ለየራሳቸው የተለየ ሥራ ያላቸው ናቸው።

ስለ ትል ሥራ ከጻፉት ሁሉ ስመ ጥሩው ቻርልስ ዳርዊን ነው፤ የመጨረሻ መጽሐፉን በ1881 እ.ኤ.አ. ያሳተመው በዚሁ ፍጥረት ላይ ነበር። ትል ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የእማማ የልጅ ልጆች ሐሳቤን ሰምተው ከወንዝ ዳር ቆፍረው አንድ ጣሳ ሙሉ ትል አመጡልኝ። አሳዘኑኝ እንጂ አልጠቀሙኝም፤ እነዚያ በአፈር ውስጥ ጠልቀው የሚኖሩ በመሆናቸው ከፊሎቹ አመለጡ፣ የቀሩትም ሞቱ። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ከአፈር በላይ በበሰበሰ ነገር ውስጥ የሚኖረው፣ አይሴኒያ ፌቲዳ የሚባለው ቀይ ትል ነው። ምቾቱ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ነው፤ ሲመቸው በቀን የክብደቱን ግማሽ ያህል ይበላል። ብርድ ሲበረታ መብላቱን ይተዋል፤ መኖሪያው በረዶ ከሆነ ያልቃል።

ይህን በቃል እያወቅሁ፣ ከምርምር ማዕከል ያመጣሁትን የመጀመሪያ ትል በእንጨት ሣጥን አድርጌ ከቤት ውጭ ከክፈፉ ሥር አኖርኩት። የኅዳር ውርጭ በሦስት ሌሊት ፈጀው። ዕውቀት በደብተር እንጂ በእጅ ሳይሆን ሲቀር የሚያደርሰው ይህ ነው።

ሁለተኛውን ያዳኑት እማማ ናቸው። አፉ የተሸረፈ የጠላ ጋን አመጡና በጋጣው ግድግዳ ውስጠኛ ጎን፣ የከብቱ ትንፋሽ በሚደርስበት አስቀመጡት። ሸክላው ይተነፍሳል፣ ርጥበትም ይይዛል፤ እኔ ከሥሩ ቀዳዳ ባበጅለት የተትረፈረፈው ውሃ ይወርድ ጀመር። ምንጣፉ ግማሹ የበሰበሰ የበግ በጠጥና የረጠበ ጭድ ነው፤ ክዳኑም ዶሮና አይጥ እንዳይደርስበት ድንጋይ የተጫነበት አሮጌ የባና ቁራጭ ሆነ። የርጥበቱ ልክ በእጅ ይታወቃል፤ ከውስጡ ጥቂት አንሥቶ ሲጨመቅ ጠብታ አንዲት ወይም ሁለት ቢወጣ ደኅና ነው፤ ቢፈስስ በዝቷል።

ምግቡን በተመለከተ የእኛ ማጀት ከውጭ አገር መጻሕፍት የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። የቡና አተላ፣ የጎመን ግንድ፣ በግ ያልፈለገው ልጣጭ፣ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ይስማማዋል። በርበሬና ጨው የነካው ወጥ፣ ቅቤ፣ ሥጋ፣ ሎሚ፣ የበዛ ሽንኩርትና አመድ አይስማማውም። የወጥ ትራፊ የለመደ ቤት ትሉን በአንድ ሳምንት ሊጨርሰው ይችላል። በዚህ ረገድ የዐቢይ ጾም ወራት ከፋሲካ ሰሞን ይልቅ ለትል እጅግ የተመቸ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን ብርዱም ምግቡም አልነበረም። ትል በቋንቋችንም በልባችንም የመበስበስና የመቃብር ጓደኛ ነው፤ «ትል በቤቷ ታኖራለች» መባል ለአንዲት የተከበረች እናት ቀላል ነገር አይደለም። እማማ እንግዳ ሲመጣ ጋኑን በጆንያ ይሸፍኑት ነበር፤ የጠየቀ ቢኖርም «የተከራዩ ልጅ ዕቃ ነው» ይሉ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። ከአምስት ወር ያህል በኋላ ምግቡን በጋኑ አንድ ወገን ብቻ እየሰጠን ትሉ ወደዚያ ሲሰበሰብ፣ ከሌላው ወገን ጥቁር፣ ደቃቅ፣ ሽታ የሌለው አፈር አወጣን። ከግማሹ ጓሮ ለእያንዳንዱ የጎመን ችግኝ እፍኝ እፍኝ ሰጠነው፤ ግማሹን ተውነው። በሰኔ አንዲት ጎረቤት ከአጥሩ ወዲያ ቆመው፣ ያኛው ወገን ምን ቢያገኝ ነው እንዲህ የጠቆረው ብለው ጠየቁ። እማማ ወደ ቤት አስገቧቸውና ጆንያውን አንሥተው አሳዩአቸው። ከዚያን ቀን በኋላ ጋኑ ተሸፍኖ አላየሁትም።

አሁን የዚህን ሥራ ልክ በግልጽ ልናገር። የአንድ ጋን ትል ጓሮን ያጠግብ ይሆናል፤ የገብስ ማሳን አያጠግብም። ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ብስባሽ በቶን የሚቆጠር ነው። በማሳ ደረጃ ምን ማድረግ እንደሚቻል ማየት የሚፈልግ በ1988 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረውን ሥራ ይመልከት። ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ባቋቋሙት፣ ኢንስቲትዩት ፎር ሰስቴነብል ዴቨሎፕመንት በተባለው ድርጅት አማካይነት በጥቂት መንደሮች ተጀምሮ፣ ብስባሽ ያገኘው ማሳ ምንም ካላገኘው እጅግ የበለጠ፣ ከፋብሪካ ማዳበሪያውም የማያንስ ምርት እንደሰጠ በልኬት ታይቷል። የማዳበሪያ ዋጋ በ2014 ዓ.ም. ያን ያህል በናረ ጊዜ ይህን ያስታወስን ጥቂቶች አልነበርንም። ነገር ግን ያ ውጤት የተገኘው ከብትን ከልቅ ግጦሽ በመከልከል፣ ተዳፋትን በእርከን በማጠርና ሣርን በማብዛት ጭምር ነው። ከዚያ ሁሉ ጉድጓዱን ብቻ ነቅሎ በየቀበሌው በኮታ ማደል የትም አያደርስም ባይ ነኝ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በዚህ የማይስማሙ እንዳሉ አውቃለሁ።

አብዛኞቻችን የምንኖረው በከተማ ስለሆነ ስለዚያም አንድ ቃል ልጨምር። በከተማ ነገሩ የመንዝ ተገላቢጦሽ ነው፤ ትራፊው ሞልቷል፣ ጓሮው የለም። ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ጥራጊ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነገር ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎችን በቀበረ ጊዜ፣ በዚያ ክምር ውስጥ የእያንዳንዳችን ማጀት ድርሻ ነበረበት። በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ በማያገኘው ጥግ፣ ከሥሩ የተበሳ አንድ የፕላስቲክ ባልዲ ለአንድ ቤተ ሰብ ልጣጭና የቡና አተላ በቂ መጀመሪያ ነው። ብርዱ የመንዝን ያህል ስላልሆነ ሥራው በእጅጉ ይቀላል።

ወደ እማማ ልመለስ። ከዓመታት በኋላ ለሥራ በዚያ ሳልፍ ጎራ ብዬ ነበር። ማገዶን በእጅጉ የሚቆጥበው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ በማጀታቸው ተተክሎ አገኘሁት። ጋኑ ተሰብሮ በሌላ ጋን ተተክቷል። ነጭ ሽንኩርቱ በጉንጉን ታስሮ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ከቡናው በኋላ ዕድሜ ልኬን ያልተመለሰልኝን የእበቱን ነገር አንሥቼ፣ «አሁንስ እበቱን ለማን ይሰጡታል፣ ለምድጃው ወይስ ለጓሮው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለሁለቱም» አሉኝ። «ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ኩበት አያደርቅም፤ እኛም ድሮ እበቱን እንዲሁ ጎርፍ ሲወስደው እናይ ነበር። እርሱን ከጥራጊው ጋር በከፊል ጣራ ሥር አጠራቅምና ለመስቀሉ ክምር አደርገዋለሁ። ከጥቅምት ወዲህ ያለው የምድጃ ነው።»

ይህ ክፍፍል በደብተሬ አልነበረም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። የሦስቱ ጎረቤታሞች ክምር በዚያን ዓመት የሰባት ሆኖ ነበር። ስመለስ ለቤቴ የሚሆን ሁለት እፍኝ ትል በቆርቆሮ ጣሳ አድርገው፣ በረጠበ ባና ሸፍነው ሰጡኝ። ዛሬም በበረንዳዬ ያለው የዚያው ዘር ነው፤ ከመካከላችሁ የሚፈልግ ቢኖር ጣሳ ይዞ ይምጣ።